ለሐሙስ ማታ

አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ስንቅነሽ ምስር ለቀመች፣
ቀዩን ትሪ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከመነጽሯ በላይ አየችኝና
«ጡረታ የወጣ እጅ ሊጥ ይጠፍ» ብላ ፈረደች።
ታጠብኩ። ምን እላለሁ?
ሠላሳ ዓመት የፋብሪካ በር ጠብቄያለሁ፣
ሳንቡሳ ማጠፍ ግን የትም አልተማርኩ፤
የመጀመሪያው ባለ አራት ማዕዘን ሆነብኝ፣
ጨርቅ ስር ደበቅኩ።

ለመጨረሻ ልጃችን ለናዳቭ ባር ሚጽቫ፣ በማትናሱ አዳራሽ፣
የተጠራው ሁለት መቶ ሰማንያ ነው።
«ሦስት መቶ ሃምሳ በል» አለች ስንቅነሽ፤
«የእኛ ሰው ብቻውን መጥቶ ያውቃል?
ልጁን፣ የልጁን ጓደኛ፣ የአውቶቡሱን ሹፌር ይዞ ይገባል።»
ለአንድ ሰው አራት፤ አንድ ሺህ አራት መቶ።
ቁጥሩን ስሰማ ጣቴ ቀረ ሊጡ ላይ ተኝቶ፤
እሷ ያለ ወረቀት ነው ያባዛችው፣
ሽንኩርቱን እያማሰለች፣ ዓይኗን ጭሱ እያስለቀሳት።

ሥጋ የለበትም፤ ወተትም አልነካው፤
«ፓርቬ ይሁን» አለች፣ «ማንም ማንንም አይጠይቀው።»
ከሊጡ ቁራሽ ለየች፣ ባረከች፣ በፎይል ጠቅልላ አቃጠለች፣
ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።
የቅርያት ጋት ሙቀት በመስኮት ገብቶ
ከዘይቱ ሙቀት ጋር ተጋጨ፤
እኔ መሐል ተቀምጬ አጥፋለሁ።

በሦስተኛው ቀን የፍሪዘራችን በር አልዘጋ አለ።
ከፊት ለፊት ፎርቱና አይስክሬሟን ለሰፈር ልጆች አደለች፣
«አምጪው» ብላ ሁለት መሳቢያ ለቀቀች።
ታች ላሪሳ ትኖራለች። የላሪሳ ፍሪዘር ግን…
ምን እንዳለበት እናውቃለን፤ አንናገርም።
ስንቅነሽ በፌስታል ጠቀለለች፣ በሌላ ፌስታል ደገመች፣
በፕላስተር አሸገች።
ላሪሳ ቆማ አየች። አየችና ዝም አለች።
በማግስቱ በራችን ተንኳኳ፤
የዋጋ ወረቀቱ ያልተላጠ አዲስ ሳጥን ታቅፋ መጣች፣
«ምንም አልገባበትም» አለች።
የሚስቴ ፊት ከዘይቱ ብሶ ጋለ።
ስድስት ትኩስ ጠብሳ አወጣችላት፤
ደረጃው ላይ ቆመው በሉ፣
በተሰባበረ ዕብራይስጥ
የጉልበታቸውን ሕመም እየተካፈሉ።

ሰኞ ማታ ዳቦ ቆሎ።
ሊጡን እንደ ገመድ ታሻለች፣ በቢላ ትከትፋለች፣
ፍሬው ከጥፍር አይበልጥም።
ሌላውን ስትሠራ ታወራለች፤ እዚህ ላይ ግን አትናገርም።
እናቷ ልጆቿን አስከትላ በሌሊት ከመንደር ስትወጣ
ስንቁን በቁጥር ነበር የምትሰጠው፦
ለአንድ ልጅ በቀን አሥራ አንድ ፍሬ።
ስንቅነሽ ዘጠኝ ዓመቷ፤ ወንድሟ ከእሷ ያንሳል።
ከሱዳን ድንበር ወዲያ፣ አንድ ጧት፣
የራሱን ሳይቆጥር ቀረ።
የዚያን ቀን አሥራ አንዱን ማን እንደበላው አልነገረችኝም።
እኔም አልጠየቅሁም።

ሳንቡሳውን ስትቆጥር እሰማለሁ፣
አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ስምንት፣ ስልሳ ዘጠኝ…
ዳቦ ቆሎውን አትቆጥርም። በባልዲ ትሞላዋለች።
ናዳቭ ከኳስ ሜዳ መጥቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣
እጁን እስከ ክርኑ ባልዲው ውስጥ ከተተ፤
«ለእንግዳ ነው!» ብዬ ጮህኩ።
«ተወው» አለች እናቱ፣ ዞራ ሳታይ፣
«ይዝገን።»
እየቆረጠመ ወጣ፣
ኮሪደሩ ላይ እየረገፈለት፤
እሷም ያንን አልጠረገችም እስከ ጧት።

ረቡዕ የአዳራሹ ሰውዬ ደወለ፣
የመጨረሻ ቁጥር ስጡኝ፣ ወንበር ላስተካክል ብሎ።
«አታውቀውም በለው» አለችኝ፤
እንደዚያ አልኩት፤ ተናደደ።
ማታ ከታች ሳጥኑን ተሸክሜ ስወጣ
አንድ ጥቅል ከላይ አየሁ፣ ለብቻው የተጠቀለለ፣
ከፈትኩት፦ የእኔ ባለ አራት ማዕዘን።
በበረዶ ሸብቷል።
ከሌሎቹ መሐል ወሽቄ መለስኩት፤
ሐሙስ ለማን እንደሚደርስ
እንጃ።